ጽጌረዳና ኩሬ ያለበት ግቢ በጋውን ሙሉ እንዲያብብ

ጽጌረዳና ኩሬ ጎን ለጎን ሲሆኑ እንክብካቤያቸው አንድ ላይ መታሰብ አለበት። ለአንዱ የሚሰጠው ማዳበሪያና መድኃኒት ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላልና።

ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት። ኩሬው ከጽጌረዳው አልጋ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ጎርፍ እንዳይገባበት ጠርዙን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት።

ለጽጌረዳው ውሃ በየቀኑ ጠብ ጠብ ከማድረግ በሳምንት ሁለቴ ሥሩ ድረስ እንዲጠልቅ አጠጡ። ጊዜው ጠዋት ይሁን፣ የምታጠጡትም ከግንዱ ሥር። ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ይይዘዋል። ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ መቁረጡ እንምጣ። የጠወለገ አበባ ካልተነሣ ፍሬ ይይዛል፤ ተክሉም ጉልበቱን ለዘር ያውልና ማበቡን ያቆማል። አበባውን ብቻ ቀንጥሶ መተውም አያዋጣም፤ ከዚያ የሚወጣው ቀንበጥ ብዙ ጊዜ ቀጭን ስለሚሆን አበባ መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ከአበባው ወደ ታች ቅጠሎቹን ተመልከቱ። አንዱ ቅጠል ከትናንሽ ቅጠሎች የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ናቸው፤ ዝቅ ሲሉ ባለ አምስት ይመጣል። ፊቱን ወደ ውጭ ያዞረውን የመጀመሪያ ባለ አምስት ቅጠል ፈልጉ። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀላ ያለች እምቡጥ አለች። ከእሷ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ የተቆረጠው ገጽ ከእምቡጧ በተቃራኒ እንዲያዘነብል አድርጋችሁ ቁረጡ። በጣም ከፍ ካላችሁ የተረፈው ጉቶ ይደርቅና ድርቀቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጣም ከቀረባችሁ እምቡጧ ራሷ ትደርቃለች። በደንብ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ውስጥ እንደገና ያብባል።

በዘለላ የሚያብበው ዓይነት ላይ መጀመሪያ የጠወለጉትን አንድ በአንድ ቀንጥሱ፤ ዘለላው ሲያልቅ በሙሉ ቁረጡት። ገና የተተከለና የደከመ ተክል ቅጠሉ ስለሚያስፈልገው አበባውን ብቻ አንሡለት። በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብብ ዝርያ በዚህ መንገድ ቢቆረጥም በዚያው ዓመት ዳግም አያብብም።

መቀሱ ሁለቱ ስለቶቹ እርስ በርስ የሚተላለፉ ይሁን። ስለቱ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፈው ዓይነት ለጋ ቅርንጫፍ ይጨፈልቃል፤ ለደረቅ እንጨት ብቻ ነው የሚሆነው። የታመመ ተክል ከነካችሁ በኋላ ስለቱን በአልኮል ጥረጉ።

ማዳበሪያ ከእያንዳንዱ የአበባ ዙር በኋላ በትንሹ ስጡ፤ እርጥብ አፈር ላይ ነስንሳችሁ ደባልቁት። ታጥቦ ኩሬው ከገባ ውሃው በአልጌ አረንጓዴ ይሆናል። ክሽክሽ (የተክሉን ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ከታየ በውሃ ግፊት አራግፉት። ፓይረትሮይድ የሚባለው ፀረ ተባይ ንጥረ ነገር ያለበትን መድኃኒት ኩሬ አጠገብ ፈጽሞ አትርጩ፤ በጣም ጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይገድላል።

ለኩሬው የውሃ ሊሊ ምረጡ። በከረጢት የሚሸጠው ቀላል ብስባሽ ስለሚንሳፈፍ ከባድ የሸክላ አፈር ተጠቀሙ። ሥሩን ማሰሮ ውስጥ ጋደም አድርጋችሁ ትከሉ፤ የሚያድገው ጫፍ ከአፈሩ በላይ ይሁን፤ ላዩን ጠጠር አልብሱት። ማሰሮውን መጀመሪያ ኩሬው ውስጥ ጡብ ላይ አስቀምጡት፣ ከላዩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይኑር። ቅጠሉ ወደ ላይ በደረሰ ቁጥር ጡቡን እየቀነሳችሁ አውርዱት። ለመካከለኛ ዝርያ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ፏፏቴ የሚረጭበት ቦታ አይስማማውም። ቅጠሉ ከውሃው ገጽ ሁለት ሦስተኛውን ካለፈ አሳሱት።

አንድ የሊሊ አበባ ከ3 እስከ 4 ቀን ይከፈትና ይሰምጣል። እዚያው ከበሰበሰ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ስለዚህ እጃችሁን አስገብታችሁ ዘንጉን ከታች ቁረጡት። በሙቀት ወራት ዓሦቹ ጎሕ ሲቀድ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው፤ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ አትዝጉት።