በጥቂት ሰው በሚሠራ ፊልም ላይ ባለብዙ ሙያው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አነስተኛ በጀት ባለው ቀረጻ ጠዋት ላይት የሚተክለው ሰው ከሰዓት ቡም (ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ) ይይዛል፣ ማታ የካሜራውን ካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ለፊልሙ ነፍስ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተውም የችሎታ ማነስ ሳይሆን የሥራዎቹ መደራረብ ነው።

በአንድ ደቂቃ የሚጋጩ ሥራዎችን አብሮ መያዝ

ላይት መትከልና ካርድ መገልበጥ ሰዓታቸው ስለሚለያይ አንድ ሰው ይበቃቸዋል። ካሜራና ድምፅ ግን «አክሽን» ሲባል እኩል ይጀምራሉ። ዓይኑን ፎከስ ላይ የተከለ ሰው የማይኩን ኩሽኩሽታ አይሰማም፤ የሚሰማው ኤዲተሩ ነው፣ ያኔ ደግሞ ተዋናዮቹ ተበትነዋል። እሺ ከማለታችሁ በፊት የቀኑን የሾት ዝርዝር እዩ። ንግግር ካለ ሄድፎን አድርጎ የሚቆም ሰው ይመደብ። ከጠፋ ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አቁሙ፣ ፎከሱን ቆልፉ፣ ጆሯችሁን ለድምፁ ስጡ።

«ድምፁን ኤዲቲንግ ላይ እናስተካክለዋለን» ማለት

በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቅረጹ፤ በመቅረጫው መለኪያ ላይ የንግግሩ ጫፍ ‑12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ላፔላ ማይክ (ልብስ ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ) ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ተዋናይዋ የሐበሻ ልብስ ከለበሰች ነጠላው በተንቀሳቀሰች ቁጥር ማይኩን ይፈትገዋል። ስለዚህ ማይኩን ከቀሚሱ ውስጥ በኩል በሕክምና ፕላስተር አጣብቁት፤ ከሥሩ ሽቦውን እንደ ቀለበት ጠምዝዛችሁ እሱንም ለብቻው አጣብቁ፤ ሽቦው ሲጎተት ማይኩ ጋ አይደርስም። ጉርምርምታው እንዳይቀረጽ ፍሪጁን ከሶኬት ስትነቅሉ የመኪናችሁን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጡ፤ መልሳችሁ ሳትሰኩት አትሄዱም። በክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የንግግር ትዕይንት አትያዙ፤ የዝናቡን ድምፅ ንግግሩን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። ከመልቀቃችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉ ባዶ ድምፅ 30 ሰከንድ ይቀረጽ።

የካሜራውን ሻተር (የእያንዳንዱ ፍሬም የብርሃን መቀበያ ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ መተው

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። 1/60 ላይ ስትቀርጹ የፍሎረሰንቱና የአንዳንድ ኤልኢዲ ብርሃን ይርገበገባል፣ ወይም በምስሉ ላይ መስመር መስመር ይሠራል። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50። በቃ።

ካርድ ቸኩሎ ፎርማት ማድረግ

ከሁሉም የሚያስለቅሰው ይህ ነው። ካሜራችሁ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ከሆነ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ 64 ጊጋባይት ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል አይቆይም። እኩለ ቀን ላይ ባዶ ካርድ ሲጠፋ ነው እጅ ወደ ፎርማት የሚሄደው። የሞላ ካርድ ከካሜራው እንደወጣ መቆለፊያውን ዝጉና ቀይ ቴፕ ለጥፉበት። ስትገለብጡ ኮፒ እንጂ ከት አታድርጉ፤ ቪዲዮዎቹን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፎልደሩን ውሰዱ፣ አንዳንድ ካሜራ ያለ ቀሪዎቹ ፋይሎች ቪዲዮውን በትክክል አያስከፍትም። መብራት መሃል ላይ ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ከግድግዳ ሶኬት ብቻ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ አትጠቀሙ። የፋይሉን ብዛትና መጠን አስተያዩ፣ የመጀመሪያውን፣ የመሃሉንና የመጨረሻውን ሾት ከፍታችሁ እዩ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ከገባ በኋላ አንዱ ከሌላ ሰው ጋር ወደ ቤቱ ይሂድ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ፣ ያውም በካሜራው ውስጥ።

ሰዓትና ቀን መደባለቅ

ከውጭ የመጣ ሰው ቡድኑ ውስጥ ካለ «2 ሰዓት» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፤ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 8:00» በሉ። የካሜራው ቀንም በአብዛኛው በፈረንጆቹ ነው፤ ፎልደሩን በትዕይንትና በካርድ ቁጥር ሰይሙት።

የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ላይ ላይት መሰካት

2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 10 አምፔር ለሚችል ገመድ ጫፉ ላይ ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ ከቆየ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ሽፋኑ ይቀልጣል። እስከ መጨረሻው ዘርጉት፣ መተላለፊያው ላይ በቴፕ አጣብቁት።

ተጨማሪ ሥራን በቃል መቀበል

«እግረ መንገድህን ድምፁንም ያዝልን» የሚለው ልመና ብዙ ጊዜ ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ይመጣል። የቀን ክፍያው ለየትኞቹ ሥራዎች እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሸፍን፣ ማታ ትራንስፖርት በማን እንደሆነ፣ በመጨረሻው ጽሑፍ ስማችሁ በየትኛው ሙያ እንደሚወጣ በአንድ ገጽ ተፈራርማችሁ፣ ቀብድ ተቀብላችሁ ግቡ። የካሜራ ወይም የድምፅ ዕቃው የራሳችሁ ከሆነ ኪራዩ ከጉልበት ክፍያው ተለይቶ ይጻፍ፤ ቢሰበር ማን እንደሚያሠራውም እዚያው ላይ ይግባ።