ህመሙ ሲነሳበት መድሃኒቱ ላይ የምንሰራቸው ስህተቶች

ደሴም ኮምቦልቻም ሃይቅም ከሚሴም፣ ቤቱ የአእምሮ ታማሚ ያለ ሰው ይሄን ያንብብልኝ። አብዛኛው ታማሚ ማንንም አይመታም፣ ግን ሲነሳበት የሚማታ ካለ ቤተሰብ ይደነግጣል፣ ስህተቱም ያኔ ይጀምራል።

ዋናው መድሃኒቱን ቅጣት ማድረግ ነው። "አርፈህ ካልተቀመጥክ መርፌ አስወጋሃለሁ" እየተባለ የከረመ ልጅ ነርሷን ሲያይ ቢሸሽ ይፈረድበታል እንዴ?

ሁለተኛ፣ አልረጋ ሲል በራስ ውሳኔ ክኒን መደረብ። ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ህመም መድሃኒት ቶሎ ሊያረጋጋው ይችላል እንጂ የሚሰማው ድምፅና ጥርጣሬው በደንብ እስኪቀንስ ሳምንታት ይፈጃል፣ ዶዝ ስለጨመራችሁ አይፈጥንም። ደግሞ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዳንዴ አንገት ወደ ጎን ይጣመማል፣ አይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ይሄን ያየ ጎረቤት "ጂኒው ነው" ይልና ክኒኑ ተጥሎ ወደ ፀበል ወይ ወደ ሸህ ይሮጣል። ጂኒ አይደለም ወገን፣ የመድሃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ ጤና ተቋም ብትወስዱት በፕሮሜታዚን መርፌ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይለቀዋል፣ ለቀጣዩም እንዳይደገም አርቴን የሚባል ክኒን ሊያዙለት ይችላሉ። ሰውነቱ ግትር ብሎ ትኩሳት ከጨመረ ግን ለህይወቱ ያሰጋል፣ ቀጣዩን ክኒን ሳትሰጡ በቀጥታ ሆስፒታል!

ሳያውቅ ቡናው ውስጥ መጨመርም አለ። መርዝ ያበሉኛል ብሎ ለሚጠረጥር ሰው ይሄ ማስረጃ ነው፣ አንዴ ካወቀ እናቱ ያቀረበችውን እንጀራም አይቀምስም። ክኒን እምቢ ካለ በየ 2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋ ሞዲኬት የሚባል መርፌ አለ፣ እሱን ጠይቁለት።

ሲሻለው ማቆምም ያው ነው፣ ብዙዎቹ የሚነሳባቸው ካቆሙ በኋላ ነው። ፀበሉም ዱአውም ይቀጥል፣ ከክኒኑ ጋር። ለረመዳን ሳይገባ ሰአቱን ወደ ማፍጠሪያና ሱሁር ማዞር ይቻል እንደሆነ ሀኪሙን ጠይቁ። ጫት ህመሙን ይቀሰቅሳል፣ ዳያዚፓም የሚባለው ማስተኛ ክኒን ከአረቄ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ያጠፋል።

ታሞ የማያውቅ ሰው ድንገት መማታት ከጀመረ፣ በተለይ ትኩሳት ወይ ስኳር ካለበት ወይ መጠጥ በቅርቡ ካቆመ፣ ማስተኛ አትፈልጉለት፣ መጀመሪያ ይመርመር።

ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የአእምሮ ህመም መድሃኒት የሚወስድ ካለ ደግሞ በባቲ ሙቀት ፀሀይ ላይ አታውሉት፣ ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ከተኛበትም ቀስ ብሎ ይነሳ፣ ደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።