ከሃርት አታክ በኋላ የትሬድሚል ምርመራ እንዴት ይሠራል?

ከሃርት አታክ የተነሳ ሰው ጭንቀቱ ብዙ ነው። ደረጃ ልውጣ? ሥራ ልመለስ? ለዚህ መልስ ፍለጋ ነው ሐኪሞች ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ) አስረው ትሬድሚል በሚባለው መራመጃ ማሽን ላይ የሚያራምዱት።

መጀመሪያ ጊዜው ይታያል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ጨርሶ አይሞከርም። ሕመሙ ካልተወሳሰበ ቀለል ያለው ምርመራ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ሊሠራ ይችላል። አቅም እስከሚፈቅድ የሚኬድበት ግን ሳምንታት ይጠብቃል። ቁጭ ብለው እያሉ ደረትዎን ካመመዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

በቀጠሮው ቀን 3 ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ምግብና ሲጋራ ያቁሙ። ምቹ ጫማ ያድርጉ። መድኃኒትዎን ግን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ፣ በተለይ ቤታ ብሎከር ከሆነ። በድንገት ሲቆም ልብን ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ከፍተኛው የልብ ምት የሚገመትባት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የምትባለዋ ስሌትም ለእርስዎ አትሆንም።

ደረትዎ ላይ የኢሲጂው ተለጣፊዎች ከተደረጉ በኋላ በእረፍት ላይ ያለው የልብ ምትና የደም ግፊት ይመዘገባል። ከዚያ እርምጃ ይጀመራል። ብሩስ በሚባለው የተለመደ አሠራር መነሻው በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 10 በመቶ ነው፤ በየ3 ደቂቃው ይከብዳል። ለሚያገግም ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ዳገት፣ ከሜዳ የሚጀምረው አሠራር ይመረጣል።

መደገፊያውን ጨምድደው አይያዙ። ክብደትዎን ክንድዎ ከተሸከመው አቅምዎ ከእውነቱ በላይ መስሎ ይመዘገባል። ጣት ጣል ማድረግ ይበቃል።

ድካምዎን ቦርግ በሚባለው፣ ከ6 (ምንም ድካም የለም) እስከ 20 (የመጨረሻው ድካም) ባለው መለኪያ ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም! ደረት ሲጨንቅ፣ ራስ ሲያዞር፣ ትንፋሽ ሲያጥር ያኔውኑ ይናገሩ። ሕመሙ የጀመረበት ደቂቃ ራሱ ውጤት ነው፤ ደብቀውት ከሄዱ ምርመራው ከንቱ ሆነ ማለት ነው። እርስዎ ምንም ሳይሰማዎት እንኳ እርምጃው እየከበደ የደም ግፊትዎ ከወረደ ወይም ኢሲጂው ከተዛባ ባለሙያው ያስቆመዋል።

ሲያበቃ ቶሎ ልብስ ለመልበስ አይጣደፉ። ለጥቂት ደቂቃ ክትትሉ ይቀጥላል፤ አንዳንድ ለውጥ የሚታየው እረፍት ላይ ነው።

ከመውጣትዎ በፊት አንድ ቁጥር ይጠይቁ፦ ስፖርት ስሠራ የልብ ምቴ ከስንት አይለፍ? የደረት ሕመሙ ወይም የኢሲጂው ለውጥ ለምሳሌ በደቂቃ 120 ምት ላይ ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ በ10 ዝቅ ተደርጎ ይወሰናል።