አሜሪካ ላላችሁ፦ አንጎልን ለምርምር እንዴት መለገስ ይቻላል

መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ኦርጋን ዶነር የሚለው ምልክት አለ? ጥሩ ነው ግን አንጎልን አይጨምርም። እሱ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት ለታመመ ሰው እንዲተካ ነው፣ ለአልዛይመርና ለፓርኪንሰን ምርምር የሚሰጥ አንጎል ለብቻው ነው የሚመዘገበው። ሁለቱንም ማድረግ ትችላላችሁ።

ምዝገባው ከባድ አይደለም። ብሬይን ዶነር ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት ድረገጽ ላይ ትሞላላችሁ፣ እነሱ ኒውሮባዮባንክ የሚባለው የመንግስት ኔትወርክ ውስጥ ካሉት የአንጎል ባንኮች (ለምርምር የተለገሰ አንጎል የሚያስቀምጡ ቦታዎች) ወደ አንዱ ይመሯችኋል (አንዱ እዚሁ ባልቲሞር፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው)። ከዛ ባንኩ ፎርም ይልካል፣ የህክምና ታሪክ ትጽፋላችሁ፣ ሃኪም ቤት ያለውን ፋይል እንዲያዩም ትፈርማላችሁ። እኔ ጤነኛ ነኝ ምን ያደርግላቸዋል የምትሉ፣ የታመመውን ከምን ጋር ሊያወዳድሩት ነው? ጤነኛም በጣም ይፈለጋል፣ የጥቁር ሰው ደግሞ ባንኮቹ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው ያለው።

አሁን ዋናው ነገር ቤተሰብ ነው። እናንተ ብትፈርሙም ስትሞቱ ስልክ የሚደውለውም እሺ የሚለውም የቅርብ ዘመድ ነው፣ በህይወት እያላችሁ ስለ ህክምናችሁ እንዲወስን የወከላችሁት ሰው ስልጣኑ ብዙ ጊዜ ስትሞቱ ያበቃል፣ ስለዚህ ባለቤትና ልጆች ባሉበት አሁኑኑ ተነጋገሩ። እማዬ "ጎዶሎ ሆነህ ልትቀበር ነው?" ማለቷ አይቀርም። የሚከፈተው ከጭንቅላት ኋላ በኩል ነው፣ ፊት አይነካም፣ ሳጥን ተከፍቶ መሰናበትም ይቻላል በሏት። የሃይማኖቱ ነገር ከከበዳት የንስሃ አባቷን ትጠይቅ፣ እናንተ አትከራከሩ።

ሰዓቱ ላይ ቀልድ የለም። አንጎሉ ከሞት በኋላ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወጣ ነው የሚመረጠው፣ እስከዛም አስከሬኑ ቀዝቃዛ ቦታ መሆን አለበት። ሆስፒስ (ለመሞት የተቃረበ ሰው እንክብካቤ) ከተገባ ለነርሷ ንገሯት፣ የባንኩን ስልክ ፍሪጅ ላይ ለጥፉት፣ ያ ሰዓት ሲመጣ ለቅሶ ደራሽ ከመጥራታችሁ በፊት እዛ ደውሉ። አስከሬን ወደ አገር ቤት የምትልኩ ደግሞ ፊዩነራል ሆሙ ማድረቂያ መድሃኒቱን ከመውጋቱ በፊት አንጎሉ መውጣት እንዳለበት ቀድማችሁ አስረዱ፣ ከተወጋ በኋላ አይሆንም። አንዳንድ ተላላፊ በሽታ ካለ ባንኩ ላይቀበል ይችላል፣ አትቀየሙ።

ለማውጣቱም ለማጓጓዙም ባንኩ ነው የሚከፍለው፣ የቀብር ወጪ ግን ያው የእናንተው ነው። ብዙ ጊዜ አንጎሉን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያቀዘቅዙታል፣ ግማሹን ፎርማሊን ውስጥ ያስቀምጡታል። ከወራት በኋላ የምርመራ ሪፖርት ይወጣል፣ ሳትጠይቁ ላይመጣላችሁ ይችላል ስለዚህ ጠይቁ። የአባባ "መርሳት" የተባለው በሽታ አልዛይመር ይሁን ሌላ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ያኔ ነው፣ ልጆቹም ወረቀቱን ለራሳቸው ዶክተር ማሳየት ይችላሉ።