መቻል ድካም አይደለም፦ በእርግዝና፣ በሉፐስና በኩላሊት ንቅለ ተከላ ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እኔ የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ከእኔ በኋላ ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ሦስቱም በተወለዱ ማግስት ሰውነታቸው ቢጫ ሆኖ፣ ስም ሳይወጣላቸው ተቀበሩ። ሰፈሩ «ሾተላይ አለባት» አለ። አንዳንድ ነፍሰ ጡሮችም ከእርሷ ጋር ቡና መጠጣት ተዉ። ምክንያቱን ያወቅሁት ነርስነት ስማር ነው፤ ያን ቀን ከክፍል ወጥቼ አልቅሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ በቅድመ ወሊድ ክትትልም፣ ኩላሊት ከተተከለላቸውና ሉፐስ ካለባቸው ሰዎች ጋርም ሠርቻለሁ። ሦስቱ የማይዛመዱ ይመስላሉ። የሚያዛምዳቸው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ የሰውነት መከላከያ የትኛውን ይዋጋል፣ የትኛውንስ ይችላል? «ይችላል» ስል እናት የልጇን አመል ትችላለች እንደምንለው ነው። ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት መከላከያን እንደ ጉልበት ብቻ ቆጥረን፣ ጠነከረ ወይም ደከመ እያልን ስለምንለካው ነው።

መከላከያን «ማጠናከር» ምን ጊዜም ይጠቅማል ማለት

ሉፐስ ያለባት አንዲት ወጣት መገጣጠሚያዎቿ አብጠው፣ ጉንጮቿ ላይ ሽፍታ ወጥቶ መጣች። መከላከያን የሚያበርደውን መድኃኒቷን፣ ፕሬድኒሶሎኗን፣ በገዛ እጇ አቁማ ነበር። «የታመምሁት መከላከያዬ ስለደከመ መስሎኝ ማጠናከሪያ ስወስድ ነበር» አለችኝ። አልፈረድሁባትም፤ ሁላችንም የምንሰማው ይህንኑ ነው።

ሉፐስ፣ ሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ብግነት ወይም ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ግን መከላከያ ስለደከመ የሚመጡ አይደሉም። መከላከያው የራሱን ገላ እንደ ባዕድ ስለቆጠረው ነው። ቲ ሴሎች የተባሉት የመከላከያ ሴሎች ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በተባለ ዕጢ ውስጥ ይፈተናሉ፤ የራስን ሰውነት የሚያጠቁት አብዛኞቹ እዚያው ይጠፋሉ። ወንፊቱ ግን ሁሉን አይዝም። አምልጠው የወጡትን የሚገቱ ሌሎች ሴሎች አሉ፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እነዚህን ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1995 ለይተው አሳዩ። አሜሪካውያኑ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ ፎክስፒ3 የተባለው ዘረ መል ሲበላሽ አይጦችም ሆኑ ሕፃናት ራስን በሚያጠቃ ከባድ በሽታ እንደሚያዙ በ2001 ደረሱበት። ሦስቱ የ2025ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ሰውነት ራሱን የሚችለው ስለተኛ አይደለም፤ ይህን የሚያደርግለት ሌት ተቀን የሚሠራ ዘበኛ ስላለው ነው።

ስለዚህ ሉፐስ ያለበት ሰው «አበርታ» ተብሎ የሚሰጠውን ነገር ሁሉ ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። መድኃኒቱ ሲቆይ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል፤ በድንገት ሲቋረጥ ሰው በደም ግፊት ማነስ ራሱን እስከ መሳትና እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው።

እርግዝና መከላከያን ያጠፋል ብሎ ማሰብ

ፅንስ ግማሹን ከአባቱ ይወርሳል። የአባትየው ቆዳ ለእናት ቢለጠፍላት በቀናት ውስጥ ተቆጥቶ ይወድቃል፤ ልጁ ግን ዘጠኝ ወር ይቀመጣል። እንዴት? ብሎ በግልጽ የጠየቀው እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1953። መልሱ የእናት መከላከያ ጠፍቷል የሚል አይደለም። ከማኅፀን ጋር የሚነካካው የእንግዴ ልጅ ሽፋን የአባትን ምልክት በተለመደው መንገድ አያሳይም፤ በምትኩ ኤችኤልኤ ጂ የተባለ፣ የእናትን ገዳይ ሴሎች የሚያረጋጋ ምልክት ያወጣል። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም ይበዛሉ። «እንግዴ ልጅ» የሚለው ስማችን «እንግዳ»ን ያስታውሰኛል፤ በእንግድነት ገብቶ፣ የቤቱን ሕግ ጠብቆ፣ ተከብሮ የሚቀመጥ።

ነፍሰ ጡር መከላከያ የላትም የሚል ሰው ክትባትም አይሠራላትም፣ ይጎዳታልም ይላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚሰጣት ግን አንቲቦዲ (ባዕድን ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) ሠርታ በእንግዴ ልጅ በኩል ለሕፃኑ እንድታሻግር ነው። በእርግዝና የሚከለከሉት እንደ ኩፍኝ ያሉ፣ ሕይወት ያለው የተዳከመ ተሕዋስ የያዙ ክትባቶች ናቸው።

ሾተላይን እርግማን ማድረግ፣ ወይም ሁለተኛውን ልጅ መጠበቅ

አርኤች በቀይ የደም ሴል ላይ ያለ ምልክት ነው፤ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። እናቲቱ አርኤች ኔጌቲቭ፣ ፅንሱ ደግሞ ከአባቱ ወርሶ አርኤች ፖዘቲቭ ሲሆን ነው ነገሩ የሚጀምረው። በእርግዝና ወራት የሁለቱ ደም እምብዛም አይቀላቀልም። በወሊድ ጊዜ ግን ከሕፃኑ ደም ጥቂት ወደ እናት ይገባል። እንግዴ ልጁ ማኅፀን ውስጥ ያበጀው ሰላም ለዚህ ደም አይደርስለትም፤ የእናት መከላከያ ባዕድ ብሎ አንቲቦዲ ያዘጋጅበታል። የመጀመሪያው ልጅ አንቲቦዲው ሳይደርስበት ተወልዷልና ይተርፋል። እኔ የተረፍሁት በዚህ ነው። ቀጣዩ ሲፀነስ አንቲቦዲው እንግዴ ልጁን ተሻግሮ ቀይ የደም ሴሎቹን ያፈርሳል። ሕፃኑ ደም ያንሰዋል፣ ከተወለደ በኋላ ቢጫ ይሆናል፤ ሲከፋም በማኅፀን ሳለ ይሞታል።

ይህን የሚያስቀር ጸረ ዲ የተባለ መርፌ ከእ.ኤ.አ. 1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በ28ኛው ሳምንት ገደማ ይሰጣል፤ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። እናቴ ይህን የነገራት አልነበረም፤ የደም ዓይነቷን እንኳ የጠየቃት የለም።

ዛሬም ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው «የመጀመሪያ ልጄ ጤነኛ ነው፣ ሾተላይ የለብኝም» የሚለው ነው፤ መርፌው የሚያስፈልገው በዚያው በጤነኛው ልጅ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ውርጃን መርሳት ነው። ፅንስ ሲጨናገፍ፣ ከማኅፀን ውጭ ሲፀነስ ወይም ነፍሰ ጡሯ ሆዷን ስትመታም ደም ሊገባ ይችላል፤ በሐዘንና በሐፍረት ቤቷ የተቀመጠች ሴት መርፌው ያልፋታል። ሦስተኛው መርፌውን እንደ ፈውስ ማየት ነው። አንቲቦዲው አንዴ ከተሠራ በኋላ መርፌው አያጠፋውም፤ ያኔ የሚያስፈልገው ፅንሱን በቅርብ መከታተል፣ ሲያስፈልግም በማኅፀን እንዳለ ደም መስጠት ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ደግሞ የሚያስፈራ ነገር የለም። ለባል የደም ምርመራ ማድረግ ሚስቱን ከብዙ ጭንቀት ያሳርፋታል።

«አርግዣለሁ» ብሎ መድኃኒት ሁሉ መጣል

ሩማቶይድ ያለባቸው ብዙ ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ይሻላቸዋል፤ ከወለዱ በኋላ ግን ሕመሙ ይመለሳል። ሉፐስ ግን ሊነሣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ከመፀነስ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር ጸጥ ብሎ እንዲቆይ የሚመከረው። የሉፐስ መድኃኒቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝና ይቀጥላል፤ ማቆሙ ነው የሚጎዳው። መከላከያን የሚያበርዱት አዛታዮፕሪንና ታክሮሊመስም በክትትል ይወሰዳሉ። ሌሎቹ ማብረጃዎች ሜቶትሬክሴትና ማይኮፌኖሌት ግን ፅንስን ያበላሻሉ፤ ማይኮፌኖሌት ከመፀነስ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ በሌላ መተካት አለበት። ስለዚህ ምክር መጠየቂያው ጊዜ ከማርገዝ በፊት ነው።

ኩላሊት የተተከለላት ሴት አትወልድም የሚሉም አሉ። ኢዲት ሄልም የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1956 ከመንታ እህቷ ኩላሊት ተቀብላ በ1958 ወልዳለች። ዛሬ የሚመከረው ከንቅለ ተከላው በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት መጠበቅ፣ ኩላሊቱም የተረጋጋ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

«ኩላሊቱ ተላምዷል» ብሎ መዘናጋት

ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ላይ ሐኪሙ ጆሴፍ መሪ ከሮናልድ ሄሪክ ወስዶ ለወንድሙ ለሪቻርድ የተከለው ኩላሊት ያለ ምንም የመከላከያ ማብረጃ ሠርቷል፤ ምክንያቱም ወንድማማቾቹ ተመሳሳይ መንታ ነበሩ። ለሌላው ሰው ሁሉ ኩላሊቱ ከአሥር ዓመት በኋላም ባዕድ ነው። የጉበት ንቅለ ተከላ ካደረጉ ሰዎች ጥቂቶቹ በሐኪም ጥብቅ ቁጥጥር ሥር መድኃኒት ማቆም ችለዋል፤ ይህ ግን ማንም በቤቱ የሚሞክረው አይደለም። ኩላሊት ሲጠቃ አያምም። እግር ሲያብጥና ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ሲጨምር ብዙው አልፏል።

ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ጾመኛም ሆነ መንገደኛ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት እንጂ በራሱ አይለውጥ። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በሚመረመርበት ጠዋት ክኒኑ የሚዋጠው ደሙ ከተሰጠ በኋላ ነው። ቀድሞ የዋጠ ሰው መጠኑ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙ በዚያ ተመርቶ ቢቀንስለት ኩላሊቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን ክፉኛ ያወርዳል፤ ኤሪትሮማይሲን የተባለው ጸረ ባክቴሪያና የግሬፕፍሩት ጭማቂ ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ግን በቃ፣ ይቅሩ። በዓል መሆኑን፣ ዘመድ «አንድ ጉርሻ ብቻ» እያለ መለመኑን አውቃለሁ። የሚወድህ ሰው ካለ አብስሎ ያጉርስህ።

የደም ዓይነት ከገጠመ ይበቃል ማለት

አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላው በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ በመካከሉ ለጋሽ መፈለግን ለምዷል። አንድ ባል የደም ዓይነቱ ከሚስቱ ጋር አንድ መሆኑን ሰምቶ «ነገ ውሰዱልኝ» ሲል አይቻለሁ። ሦስት ልጆች ወልደዋል። በቀጥታ መግጠምን የሚለየው ምርመራ ግን አልተቀበለውም፤ የእርሷ ደም የእርሱን ሴሎች ገደለ። ልጆቹን ስታረግዝ በማኅፀኗ የቻለችው የአባትየው ምልክት በደሟ ውስጥ አንቲቦዲ አስቀርቶ ነበር። ደም መውሰድም እንዲሁ ያደርጋል፤ ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ ሰው ያለ ብርቱ ምክንያት ደም እንዳይሰጠው የሚደረገው ለዚህ ነው። የወለደች ሴት ስንት ጊዜ እንዳረገዘችና ስንቱ እንደጨነገፈባት ለሐኪሟ ሳትደብቅ ትንገር።

ባልየው ውጤቱን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በመጨረሻ ኩላሊቱን የሰጣት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ባሏም ያን ሰሞን ከሁለቱ አልጋ ሳይለይ ሲያስታምም ከረመ።