ከኮምቦልቻ ደሴ አሮጌ ፒካፕ ጎትቶ ማውጣት፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት የኖረ ፒካፕ በጥሩ ዋጋ ተገኘ እንበል። ሞተሩ አይነሳም። ገዢው ደሴ ነው፣ የሚያምነው መካኒክም ደሴ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ለዚችማ ገመድ መች አነሳት?» የሚል ወዳጅ መቼም አይጠፋም።

ያንሳታል። መሃል ላይ የሐረጎ ዳገት አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ። ይሄ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ከፊት ሲኖትራክ እያቃሰተ፣ ከኋላ ሚኒባስ ጡሩምባ እየነፋ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ጎታቹ ጉልበት ነው። ጉልበት ያለው መኪና ኮምቦልቻ ሞልቷል። የሚቸግረው ቁም ሲሉት አብሮ የሚቆም ተጎታች ነው።

ለኪራይ የሚጠየቀው ዕቃ ሦስት ዓይነት ነው፦ ክሬን ያለው ጠፍጣፋ መኪና ወይም ሎቤድ፣ ፒካፑ የሚጫንበት ተጎታች፣ እና ፒካፑን በራሱ ጎማ እየሄደ ከጎታቹ ጋር የሚያያይዝ የብረት ዘንግ። አቅሙ ካላችሁ የመጀመሪያውን ተከራዩና ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ተዉት። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ተጎታች ለሚከራይ ሰው ነው። ስለ ዘንግ ወደ መጨረሻው እመጣለሁ።

ፒካፑ ከቆመበት አልነቃነቅ አለ

ማርሹ ዜሮ ላይ ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ወርዷል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይገፋል፣ ንቅንቅ የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የኋላ ፍሬን ነው። መኪና ለረጅም ጊዜ ሲቆም የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል። የእጅ ፍሬኑ ካቮም ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ይቀራል። ማንሻው ወርዷል፣ ካቮው ግን እንደተሳበ ነው።

በሌላ መኪና በግድ መሳብ ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው። ሸራው ተገሽልጦ ታምቡሩ ውስጥ ይቀርና ጎማው ጭራሽ ይቆለፋል። ይልቅ አራቱንም ጎማ በየተራ በክሪክ አንሱና በእጅ አዙሩ። መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ቀድማችሁ ታኮ አድርጉ። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ያልዞረውን ስታገኙ ታምቡሩን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ካልለቀቀ ከኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ የሸራውን ማስተካከያ በካቻቢቴ አላሉ። የዛገውን የእጅ ፍሬን ካቮ ፍቱትና ተዉት፤ ደሴ ሲደርስ ይቀየራል።

ጎማዎቹ ይዞሩና መሪው አልታዘዝ ካለ፣ የተቆለፈው በቁልፉ ነው። ቁልፍ አስገብቶ አንድ ደረጃ ማዞር ይበቃል። ሻጩ «ቁልፉ ጠፍቷል» ካለ ግን ስለ መጎተት ከማሰባችሁ በፊት ሊብሬውን አስወጡና የሻንሲ ቁጥሩን አመሳክሩ።

ኳሱ ገብቷል፣ ግን ይንኳኳል

ጎታቹ መኪና ኋላ ላይ የሚታሰር፣ የተጎታቹ አንገት ጫፍ ላይ ያለው ኮፍያ የሚገጠምበት የብረት ኳስ አለ፤ በገበያ ላይ ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ዓይነት አሉ። አንዱ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላው 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር። ልዩነቱ በዓይን አይለይም። ትንሹ ኳስ በትልቁ ኮፍያ ውስጥ ሲገባ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ግን ሊወጣ ይችላል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ዝገቱን ጠርጋችሁ የኳሱንም የኮፍያውንም አንብቡ።

ከዚያ ፈትኑት። ከቆለፋችሁ በኋላ የተጎታቹን አንገት በራሱ ክሪክ ወደ ላይ ግፉ። የጎታቹ መኪና ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ኮፍያው ብቻውን ብድግ ካለ አልያዘም። የመቆለፊያው ፒን በምስማር ወይም በሽቦ ተተክቶ ካገኛችሁት አትቀበሉ። «ስንት ዓመት የሠራንበት ዕቃ እኮ ነው ጋሼ» ይላችኋል አከራዩ። የምትፈትሹትም ለዚሁ ነው።

ሰንሰለቱ ሁለት መሆን አለበት። ከአንገቱ ሥር አመሳቅላችሁ የጎታቹ ሻንሲ ላይ እሰሩት፣ ፓራውልት ላይ እንዳታስሩ። ኳሱ ቢወጣ አንገቱ የተመሳቀለው ሰንሰለት ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት አይወጋም። ለመታጠፍ የሚበቃ ልል ይሁን፣ መሬት ግን አይንካ።

ጎታቹ ፍሬን ሲይዝ ከኋላ ይገፈተራል

መንስኤው ግልጽ ነው፦ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን የለውም፣ ወይም አለው ግን አይሠራም። አሮጌ ፒካፕ ባዶውን ከ1.3 እስከ 1.9 ቶን ይመዝናል። ተጎታቹ ራሱ ግማሽ ቶንና ከዚያ በላይ ነው። አብዛኞቹ የፒካፕ አምራቾች የራሱ ፍሬን ለሌለው ተጎታች የሚፈቅዱት ክብደት 750 ኪሎ ብቻ ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ለዚህ የመንገድ ላይ መፍትሄ የለውም። ፍሬኑ የሚፈተሸው ከአከራዩ ግቢ ሳትወጡ ነው፣ ባዶውን፣ በቀስታ። ካልያዘ ሌላ ተጎታች ፈልጉ። «ሽቅብ ስለሆነ ፍሬን አያስፈልግም» የሚባል ክርክር አለ። ሽቅብ ላይ የሚሄደው መኪና ሁሉ ይቆማል፣ ቆሞም ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምታወርዱ ከሆነማ ጭራሽ የሚያከራክር ነገር የለውም።

የተጎታቹ ጅራት ግራ ቀኝ ይላል

ይሄኛው ሰው ይገድላል፣ ስለዚህ ጊዜ እንስጠው። ሜዳው ላይ ፍጥነት ትንሽ ጨመር ስታደርጉ ተጎታቹ ቀስ ብሎ መወዛወዝ ይጀምራል። መጀመሪያ ነፋስ ወይም የመንገዱ ጉድጓድ ይመስላል። ከዚያ ውዝዋዜው እየሰፋ ይሄድና የጎታቹን ኋላ ይዞ መወርወር ይጀምራል።

ዋናው መንስኤ ክብደቱ ወደ ኋላ ማጋደሉ ነው። ኳሱ ላይ ማረፍ ያለበት ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ጠቅላላው 2 ቶን ቢሆን ኳሱ ላይ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይውላል ማለት ነው። ባዶ ፒካፕ ሞተሩ ፊት ስለሆነ ክብደቱ የሚበዛው ፊት ነው። ስለዚህ አፍንጫውን ወደ ጎታቹ አድርጋችሁ ጫኑት። ኋላውን አስቀድሞ ከጫነ ሞተሩ ተጎታቹ ጅራት ላይ ይቀመጥና ኳሱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ሞተሩ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል። ሻጩ «ይሄንንም ውሰዱት» ብሎ ካሶኒው ውስጥ የሚከምረው ካምቢዮና ዲፈረንሻልም ጉዳይ ነው፤ እሱን በጎታቹ ካሶኒ አድርጉት።

አንድ ሜዳ ቦታ ላይ ሆናችሁ ከጎን ተመልከቱ። የጎታቹ ኋላ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ፒካፑን ወደ ፊት ሳቡት። ባሌስትራው እስኪገለበጥ ከተጫነ ትንሽ ወደ ኋላ መልሱት። የተጎታቹ ጎማ ንፋስ ማነስም ውዝዋዜ ያመጣልና ጎሚስታ ጋ ቆማችሁ አስለኩ።

መንገድ ላይ ከጀመረስ? እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ውዝዋዜውን በመሪ ላርመው አትበሉ፤ ታብሱታላችሁ። የጎታቹንም ፍሬን በኃይል አትርገጡ። ፍጥነቱ ራሱ ይውረድ። ተጎታቹን ለብቻው የሚይዝ ፍሬን ካለ እሱን በቀስታ መንካት ያቃናዋል። ስትቆሙ ጭነቱን አስተካክሉ እንጂ «አሁን ተሻለው» ብላችሁ አትቀጥሉ።

ፍሬቻ ሲበራ ሌላው መብራት ሁሉ አብሮ ይርገበገባል

የመሬት ሽቦው ነው። ከዝገት የተነሳ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌላው አምፖል በኩል ይሄዳል። ሽቦው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን ቡሎን ፍቱና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፉት። ሶኬቱንም እንዲሁ።

አምፖሎቹ እንደተገናኙ ቦግ ብለው ከተቃጠሉ ነገሩ ሌላ ነው። ፒካፖች 12 ቮልት ናቸው፤ ከባድ መኪኖች 24። ጎታቹ የጭነት መኪና ከሆነና ተጎታቹ ለትንሽ መኪና የተሠራ ከሆነ አምፖል አይተርፍም። የቮልቱን ነገር ሳትሰኩ በፊት ጠይቁ። ክረምት ላይ ሐረጎን ጉም ሲውጠው ያለ የኋላ መብራት መሄድ አይሞከርም።

ሐረጎ ላይ ሙቀቱ ወጣ

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚወራለት ጉልበት ደሴ አካባቢ ሩብ ያህሉ የለም። በዚያ ላይ 2,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ቶሎ ይፈላል። ክዳኑን ሳትነሱ ቀይሩት፤ ከሁሉም የሚረክሰው ዕቃ እሱ ነው።

መርፌው መውጣት ሲጀምር ማርሽ ቀንሱ፣ ኤሲ አጥፉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ትጠበሳላችሁ፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ካልወረደ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙና ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ እንዲዞር ተዉት። እንፋሎት ከወጣ ግን ወዲያው አጥፉ። ትኩስ ክዳን አይከፈትም።

የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ፍሪሲዮን ነው። ሽቅብ ላይ ግማሽ ተረግጦ የተያዘ ፍሪሲዮን ነው እንዲህ የሚያደርገው። ስትቆሙ በፍሬን ቁሙ። ረዳቱ ወርዶ ለተጎታቹም ለጎታቹም ጎማ ታኮ ያድርግ። በአንደኛ ማርሽ ተነሱ፣ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ልቀቁት። ታኮ ጠፍቶ ድንጋይ ከተጠቀማችሁ ደግሞ አንስታችሁ ሂዱ። ሐረጎ ላይ የተረሳ ድንጋይ ለኋላ መጪው ጦስ ነው።

የተጎታቹ ጎማ መሃል ይጋላል

ከተነሳችሁ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሃል አስጠጉ። ሁሉም ለብ ቢል ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል፣ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም። አንስታችሁ አዙሩት። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ የኩሽኔታ ነው፣ ከብዶ የሚዞር የፍሬን። ኩሽኔታ ከሆነ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ አከራዩ ሌላ ተጎታች ያምጣ።

የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ካሉት አራት አሃዞች ታውቃላችሁ። 2314 ማለት በፈረንጆቹ 2014፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አያታላችሁ።

ማሰሪያው ቀበቶ ላላ

መላላቱ አይቀርም። ፒካፑ በራሱ ባሌስትራ ላይ ሲወዛወዝ ቀበቶው ቦታ ያገኛል። በአራት ማዕዘን እሰሩት፣ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ቀበቶው አክሰሉን ወይም ሻንሲውን ይያዝ፤ የፍሬን ዘይት ቱቦ ላይ እንዳያርፍ ዓይናችሁን ጣሉ። ማርሽ ውስጥ አስገቡት፣ ጎማዎቹንም በታኮ ያዙ። ከኮምቦልቻ ሳትወጡ አንዴ፣ ሽቅቡ ሳይጀምር አንዴ አጥብቁ። ጫፉ የተቀደደ ቀበቶ በቋጠሮ አይጠገንም።

የተገኘው ዘንግ ብቻ ነው

ዘንግ ከገመድ በእጅጉ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚጎተተው ፒካፕ ከኋላ መጥቶ አይገጭም። ግን ፒካፑ ውስጥ ሰው መቀመጥ አለበት፣ ፍሬኑም መሥራት አለበት። ሞተሩ ስለማይሠራ የፍሬን ማገዣው፣ ሰርቮው፣ አያግዝም፤ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። መሪውም ይከብዳል። ጉልበት ያለውና የማይደናገጥ ሰው ይቀመጥ።

ካምቢዮውም ይጎዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ዜሮ ላይ ሲሆን፣ የኋላ ጎማ የካምቢዮውን የኋላ ዘንግ ያዞረዋል፣ ዘይት የሚረጩት ጥርሶች ግን ቆመዋል። ለአጭር መንገድ ይችለዋል፣ ለሐረጎ ግን አይታመንም። ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ፍቱት፤ ሲገጠም እንዳይናጥ መገናኛው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። የፊት ጎማ መቆለፊያ ካለውም ነፃ ላይ ይዞር።

ገመድ? ከግቢ እስከ አስፋልት። ከዚያ በላይ የለም።

ደሴ ደርሶ ማውረድ

ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ሰፈር ሜዳ ብርቅ ነው። ቢሆንም ሜዳ ፈልጉ፣ ሰፈሩ ባይሆን እንኳ። ፒካፑ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ክብደቱ ወደ ጅራት ይሄዳል፣ አንገቱም ብድግ ይላል። ተጎታቹ ከጎታቹ ተፈትቶ ከሆነ ተገልብጦ ሰው ይመታል። ስለዚህ ኳሱ እንደተቆለፈ ይቆይ፣ የኋላ መደገፊያ እግሮቹ ይውረዱ፣ ፒካፑም በእጅ ዊንች ተይዞ ቀስ እያለ ይውረድ። ሊረዳ የመጣውን ጀማ ከኋላ አንሱ፤ «ያዘው! ያዘው!» እያለ በእጁ መኪና ሊያቆም የሚሞክር አይጠፋም።

ባዶውን ተጎታች ለመመለስ ስትወርዱ ሐረጎን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱት። ባዶ ተጎታች ጉድጓድ ላይ ይዘላል፣ ፍሬን በኃይል ሲያዝም ጎማው ቶሎ ይቆለፍና ወደ ጎን ይሄዳል። ቀበቶዎቹን ፈታችሁ ካቢን ውስጥ አስገቡ፣ መጫኛ መወጣጫዎቹን እሰሩ፣ ስትረከቡ ያነሳችሁትንም ፎቶ ስልካችሁ ላይ አዘጋጁ።