ከሕፃን ልጅ ጋር የመጀመሪያውን የቤተሰብ ሽርሽር እንዴት እንውጣ? ከአዲስ አበባ ሀዋሳ

ልጅ ከተወለደ ወዲህ ከከተማ ወጥታችሁ አታውቁም? ይቻላል። ብቻ ጉዞውን በእናንተ አቅም ሳይሆን በልጁ እንቅልፍና በልጁ ሆድ ለኩት። ሀዋሳን ምሳሌ አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ርቀቱን አስቡ። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ከአንድ ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ከሆነ ቀድማችሁ ቢሾፍቱ አድራችሁ ተመለሱና ሁኔታውን እዩ። ስትሄዱም አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፣ ሁለት ወይ ሦስት አዳር ይበቃል። ሀዋሳ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ፣ ስንመለስ ደግሞ ላንጋኖ የሚባለው ፕላን ልጁ ከፍ እስኪል ይቆይ።

ጊዜውንም ምረጡ። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በአገራችን ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ቦታ ወባ ያሰጋዋል። በተለይ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ስለዚህ እኔ ጥርና የካቲትን እመርጣለሁ። የፋሲካ ሰሞን ሆቴሉም መንገዱም ይጨናነቃል፣ ለሕፃን አይሆንም።

ከመሄዳችሁ በፊት የክትባት ካርዱን አውጥታችሁ እዩ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፣ ያለፈው ካለ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስከትቡት። ስለ ወባ መከላከያም እዚያው ጠይቁ። ከዚያ ሆቴሉ ጋ ደውሉ። አጎበር አላችሁ? ሙቅ ውሃ ሁልጊዜ አለ? ምድር ላይ ያለ ክፍል ይገኛል? ክፍሉ ሙዚቃ ከሚከፈትበት ይርቃል? ለልጅ ገንፎ ትሠሩልናላችሁ? አፍረው ሳይጠይቁ ሄደው ሌሊቱን ሙሉ ልጅ ሲያባብሉ የሚያድሩ ብዙ ናቸው።

ሻንጣው ላይ ብዙ አልልም፣ የልጃችሁን ዕቃ እናንተ ታውቁታላችሁ። ግን አንድ ትንሽ ቦርሳ እጃችሁ ላይ ትሁን። ዳይፐር፣ ለልጁ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ ለሚይዘው ሰው ደግሞ አንድ ሸሚዝ። ሲያስመልሰው የሚበላሸው የእሱ ልብስ ብቻ አይደለም። ሙዝ፣ የአጥሚት ዱቄት፣ የታሸገ ውሃ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስም ይግባ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ በብርጭቆ አትገምቱ። ልጁ ገና 6 ወር ካልሞላው ሙቀት ነው ብላችሁ ውሃ እንዳትሰጡት። ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ እናትየዋ ውሃ በደንብ ትጠጣ።

አያት ካለች ይዛችኋት ሂዱ። እሷም ሐይቁን ታያለች፣ እናትም ከስንት ጊዜ በኋላ ጠግባ ትተኛለች።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ልጁን ከነፒጃማው። የመጀመሪያውን መንገድ ተኝቶ ይጨርሰዋል። ፈጣን መንገድ ላይ እንደፈለጉ መቆም ስለማይቻል ዳይፐሩን የክፍያ ጣቢያው ጋ ሳትደርሱ ቀይሩት። ከዚያ ሞጆ ላይ፣ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ውረዱ፣ ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ልጁ ይንጠራራ። ልጁ በራሱ መቀመጫ ከኋላ ይሁን። ጭን ላይ መያዝ የለመድነው ነገር ነው፣ ግን መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ የእናት ክንድ አያስቀረውም። በኪራይ መኪና የምትሄዱ ከሆነ የኋላው ቀበቶ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ክፍል ስትገቡ ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት ተንበርከኩና ክፍሉን በልጁ ቁመት እዩት። ዝቅ ያለ ሶኬት፣ የሚንጠለጠል የቲቪ ገመድ፣ ሻወር ቤት ውስጥ ውሃ የሞላ ባልዲ፣ ጭንቅላት የሚያሾልክ የበረንዳ ፍርግርግ። ዳዴ የሚል ልጅ እነዚህን ከእናንተ ቀድሞ ነው የሚያገኛቸው። አጎበሩንም ሳይመሽ አውርዳችሁ ጫፉን ፍራሹ ሥር አስገቡት።

ሐይቅ ዳር በጠዋት ውጡ። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው መሃል ሲንጎራደዱ ልጅ ዓይኑን አይነቅልም። ብስኩት ግን በእጁ አታስይዙት። ጦጣዎቹ ከዛፍ ወርደው ይነጥቁታል፣ ሊቧጭሩትም ይችላሉ። ዓሣውን ራሳችሁ በጣታችሁ እየፈረፈራችሁ፣ አጥንቱን እየዳሰሳችሁ አጉርሱት። እግሩን ሐይቁ ውስጥ አትንከሩት፣ ከውሃው በቆዳ የሚገባ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይከርራል፣ ወደ ጥላ ግቡ። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ቀጥታ ፀሐይ ጭራሽ አይንካው።

አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ በኋላም ልጁን አስተውሉት። ወባ ከተነከሰ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት ካያችሁበት ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቆዩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ውሰዱትና ገና ካርድ ስታወጡ «ሀዋሳ ሄደን ነበር» በሉ። የደም ምርመራውን ቶሎ ያዙለታል።